የነፍስ ልጄ መቐለ ድረስ ያስጠራችኝ ጊዜ

ከመቐለ ከተመለስኩ ወዲህ የሰፈሬ ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «አባ፣ መቐለ እንዴት ነው?» ደህና ነው እላለሁ። ፀሐይ አለው፣ ነፋስ አለው፣ ሰዉ እንግዳ ይወዳል እላለሁ። ከጠያቂዎቼ አንዱም መቐለን የሚያይ አይመስለኝም፤ የደብረ ብርሃን ሰው አዲስ አበባ ደርሶ እንኳ «ሞቀኝ» ብሎ በዚያው ቀን የሚመለስ ነው። ስለዚህ ለእነሱ ብዬ ይህን ጻፍኩ። ባለጉዳይዋ እትዬ በላይነሽም «ስሜን ይቀይሩና ሁሉንም ይጻፉት፤ በተለይ እርስዎን የሚያሳፍረውን እንዳይዘሉት» ብላ ፈቅዳልኛለች። ስሟን ቀይሬያለሁ። የሚያሳፍረኝንም ልዘለው ሞክሬ ነበር፤ የሚተርፈው የአንድ ሻንጣ ወሬ ብቻ ሆነብኝ።

ሥራዬ ቅስና ነው። ለዚህ ሥራ ሦስት ነገር ይበቃል ብዬ አምን ነበር፦ ድምፅ፣ እግርና ሆድ። ድምፅ ለቅዳሴው፣ እግር ለመቆሙ፣ ሆድ ደግሞ ለበዓል ቀን። በበዓል ቀን አምስት ቤት ይጠሩሃል፤ በአምስተኛውም ቤት ከጠዋት ጀምሮ ምንም እንዳልቀመሰ ሰው መብላት አለብህ፤ አለዚያ የቤቱ እመቤት ትቀየምሃለች። በሦስቱም አልታማም።

የነፍስ አባትም ነኝ። አንባቢው ሁሉ የእኛ ሃይማኖት ተከታይ ስላልሆነ ባጭሩ ልናገር። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቄስ አለው። ኃጢአቱን ለእሱ ይናገራል፤ ቄሱም ቀኖና ይሰጠዋል፤ ወይ ጾም፣ ወይ ስግደት፣ ወይ ምጽዋት። ጊዜው ሲያበቃ ያው ቄስ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብሎ ይፈታዋል። ያሰረው ነው የሚፈታው፤ ሌላ ቄስ እጁን አያስገባም። እኔ አብዛኞቹን የነፍስ ልጆቼን ያገኘሁት በውርስ ነው፤ የድሮው አባታቸው መምሬ ሲያርፉ እኛ ወጣቶቹ ተከፋፈልናቸው።

እትዬ በላይነሽ ከእነዚያ አንዷ ናት። በዕድሜ እናቴ ትሆናለች፤ በሥርዓቱ ግን ልጄ ናት። እኔ አንቺ እላታለሁ፤ እሷ እርስዎ ትለኛለች፤ ለምደነዋል። ባለቤቷ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ወደ መቐለ ሲዛወር አብራው ሄደች፤ እሱ እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ፤ እሷም «ብቻውን ጥዬው የት እሄዳለሁ» ብላ ቀረች። በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና የካህናት ልብስ ትሰፋለች። በየዓመቱ ለንግሥ ትመጣ ነበር፤ በቀረውም ጊዜ በስልክ እንገናኝ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት መግቢያ ላይ አንዲት ሴት ደወለችልኝ።

«ኣቦይ ቀሺ፣ እኔ የበላይነሽ ጎረቤት ለተብርሃን ነኝ። ና ደኣ፣ ትፈልግሃለች።»

«ታማለች እንዴ?»

«ስትመጣ ታየዋለህ። እንዳልናገር አስምላኛለች።»

የለተብርሃን አማርኛ ትግርኛ የተቀላቀለበት፣ ቸኩሎ የሚሄድ ነው፤ አንቱታው መንገድ ላይ ይቀርባታል። ትኬቱንም በስልኬ ላከችልኝ። እኔ በላይነሽ ልትሞት ነው ብዬ ለሕሙማን የሚጸለየውን የቀንዲል መጽሐፍ ያዝኩ። እንደማትሞት ሆኖ ከተገኘም ብዬ አንድ ረዘም ያለ ስብከት አዘጋጀሁ።

ማክሰኞ

ጎህ ሲቀድ በሚኒባስ ከደብረ ብርሃን ወጣሁ። ጋቢዬን ደርቤ ወጥቼ አዲስ አበባ ስደርስ ክንዴ ላይ ተሸክሜዋለሁ። አውሮፕላን ስሳፈር የመጀመሪያዬ ነበር። ፍተሻው ላይ መሣሪያው ጮኸ፤ ፈታሹ «ምን ይዘዋል?» አለኝ፤ የእጅ መስቀሌን ከደረቴ ኪስ አወጣሁ። ተሳለመና አሳለፈኝ። ከኋላዬ የነበሩት ይህን አይተው እነሱም ሊሳለሙ ተሰለፉ፤ ጫማቸውን ያወለቁ፣ ቀበቶአቸውን በእጃቸው የያዙ ሰዎችን እዚያው ቆሜ ባረክሁ። በመጨረሻ አንዲት ባለሥልጣን መሳይ ሴት መጥታ «አባቴ፣ እባክዎ በረራ አለ» አለችኝ፤ እሷም ተሳልማ።

አውሮፕላኑ ሲነሳ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ፈርታ እንድጸልይላት ለመነችኝ። እሺ አልኩ። የጸለይኩት ግን በአብዛኛው ለራሴ ነበር። በመኪና ሁለት ቀን የሚፈጀው መንገድ ከአንድ ሰዓት ጥቂት በለጥ ብሎ አለቀ፤ የእኔ ስብከት ከዚያ ይረዝማል።

መቐለ ስወርድ ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ። የእኛ አገር ፀሐይ ለማስመሰል የምትወጣ ናት፤ ይቺ የምርዋን ነው። ለተብርሃን በር ላይ ትጠብቀኛለች፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ የስፖርት ጫማ ያደረገች ሴት። ቀድሞ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ከልብስ ፋብሪካዎቹ በአንዱ ትሠራ እንደነበር በባጃጅ ወደ ሰፈራቸው ወደ ዓይደር ስንሄድ ነገረችኝ። ስለ በላይነሽ ስጠይቃት ግን ስለ ነፋሱ ታወራኛለች።

ቤታቸው በአንድ ግቢ ውስጥ ፊት ለፊት ነው። መሃል ላይ አንድ ቧንቧ፣ በየበሩ አንድ ሰማያዊ በርሜል። በላይነሽ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ተነሳች፤ ጠረጴዛውን ይዛ፣ በሁለት ጊዜ። አረጀች አልኩ በልቤ፤ ከዚያ በላይ አላሰብኩም። መስቀል ተሳለመች፣ ወንበር ሰጠችኝ፣ ስለ ደብረ ብርሃን ሰዎች አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። የምትሞት አትመስልም ነበር። ስብከቱን ማስታወስ ጀመርኩ።

እራት ጥሕሎ ቀረበልን። ገብስ በእኛ አገር በሶ ይሆናል ወይም ጠላ ይሆናል፤ እዚህ አድቦልቡለው በእንጨት ሹካ እየወጉ ቀይ ወጥ ውስጥ ያጠልቁታል። የመጀመሪያው ከሹካዬ አምልጦ ወጡ ውስጥ ሰጠመ፤ ሁለተኛው ቀሚሴ ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ ግን ገባኝ፤ ለተብርሃን «በቃህ?» እስክትለኝ ድረስ ገባኝ።

ቀሚሴን ለመቀየር ሻንጣዬን በፊታቸው ከፈትኩት። ከውስጡ የወጣው ጸጉር ነው። ረጅም፣ አጭር፣ የተጠቀለለ፣ ቀላ ያለ የሴት ዊግ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ እስከ አፉ ሞልቷል። አየር ማረፊያ ላይ የእኔን የሚመስል ጥቁር ሻንጣ ማንሳቴ ያኔ ገባኝ።

ለተብርሃን አንዱን በሁለት ጣቷ አንሥታ አየችው። «ኣቦይ ቀሺ፣ ይሄኛው ለየትኛው ቅዳሴ ነው?»

ከዚያች ምሽት ጀምሮ በሟቹ ባል ፒጃማ ተኛሁ። ትልቅ ሰው ነበር፤ ሱሪውን በመታጠቂያዬ ሁለት ጊዜ አሰርኩት።

ረቡዕ

ከመጋረጃው ወዲያ ድም፣ ድም የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ቡና የሚወቅጥ ሰው መስሎኝ ነበር። ቀስ ብዬ ስመለከት በላይነሽ ትሰግዳለች። መሬት ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ አንጥፋለች፤ ትወርዳለች፣ በእጇ አልጋውን ይዛ ትነሳለች፣ ታማትባለች፣ ትወርዳለች። ስትነሳ ፊቷ ይጨማደዳል።

ስትጨርስ ወጥቼ አመሰገንኳት። ያልኳትን ዛሬ ሳስበው ምላሴን መንከስ ያሰኘኛል። «እንዲህ ያለ ትጋት በዚህ ዘመን የት ይገኛል፣ በላይነሽ? ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

ላብዋን በነጠላዋ ጠርጋ አየችኝ። «እርስዎ ነዎት፣ አባቴ» አለችኝ።

እኔ ምስጋና መስሎኝ ደስ አለኝ። ስለ ስግደት ጥቅም አንድ ሩብ ሰዓት ያህል ተናገርኩ። ቆማ አዳመጠችኝ፤ የበሩን መቃን ተደግፋ።

ረፋዱ ላይ የሻንጣው ባለቤት መጣ። ሻንጣው ላይ በተጻፈው ስልክ ለተብርሃን ደውላለት ነበር። ሰይድ ይባላል፤ የወሎ ልጅ ነው፤ መቐለ ገብቶ መነገድ ከጀመረ ቆይቷል።

«ወላሂ አባቴ፣ ቤቴ ገብቼ ሻንጣውን ስከፍት ካባ ወጣ፣ መጽሐፍ ወጣ» አለኝ። «ሚስቴ ‹ሃይማኖት ልትቀይር ነው ወይስ ቅርንጫፍ ልትከፍት?› ብላ ያዘችኝ።»

ካባዬን አጣጥፎ፣ በንጹሕ አንሶላ ሸፍኖ ነበር ያመጣው። ያንን ካባ የሰፋችልኝ በላይነሽ ናት፤ ሐምራዊ ከፋይ ነው፤ በወርቅ ክር የተጠለፈ፤ አገሬ ላይ ስለብሰው ሌሎቹ ቄሶች ዓይናቸውን ይሰብራሉ። ሰይድ አዙሮ አዙሮ አየውና «የማን እጅ ነው?» አለ። በላይነሽ «የእኔ እግር ነው» ብላ መለሰችለት፤ ከዚያ ወደ መኪናዋ ተመለሰች።

ጾም ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይተን ሕልበት በላን። ከባቄላና ከአብሽ የሚሠራ ነው፤ ተመትቶ ነጭ አረፋ ይሆናል። የእኛን ሽሮ የለመደ ሰው መጀመሪያ ያዝናል፤ በሦስተኛው ጉርሻ ይጽናናል። ሰይድም በነጋታው ወደ ዓይደር ሆስፒታል ስንሄድ መኪና እንዳያስቸግረን እሱ ራሱ እንደሚወስደን ነግሮን ሄደ። ሆስፒታል እንደምንሄድ የሰማሁት ከእሱ ነው፤ ለተብርሃን ነግራው ኖሯል።

ሐሙስ

ጠዋት እንደገና ድም፣ ድም። እኔም በአልጋዬ ላይ ሆኜ ደስ እያለኝ አዳመጥኩ።

ሆስፒታል ወንበሩ ሁሉ በሰው ተይዞ ነበር፤ ቀሚሴን ሲያዩ ሦስት ሰዎች ተነሡልኝ። በላይነሽ እንድትቀመጥ አደረግሁ፤ ይህን አንድ መልካም ሥራ እዚህ ላይ እመዘግበዋለሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ አንገቱ ላይ ማተብ አለው። የጉልበቷን ራጅ ወደ መብራቱ አንሥቶ አየ።

«እናቴ፣ ሥራዎ ምንድነው?»

«ልብስ እሰፋለሁ።»

«ስፌት ጉልበትን እንዲህ አያደርግም። ሌላስ?»

«እሰግዳለሁ።»

«ምን ያህል?»

«አርባ አንድ።»

«በሳምንት?»

«በቀን። ቅዳሜና እሑድ፣ በዓልና በዓለ ሃምሳ ሲሆን ግን አይሰገድም፤ ሥርዓት ነው» አለችው፤ እሱን ለማጽናናት ያህል።

ሐኪሙ ራጁን አስቀመጠ። ስግደቱን ካላቆመች የስፌት መኪናውን መርገጥ ቀርቶ ደረጃ መውጣትም እንደማትችል ነገራት። ደጋግሞ ነገራት። እሷም «ማቆሙ በእኔ እጅ አይደለም» አለችው።

«በማን እጅ ነው?»

አብራን የገባችው ለተብርሃን በአገጭዋ ወደ እኔ አመለከተች። «በእሱ።»

ሦስቱም አዩኝ። እኔም ከኋላዬ ሌላ ሰው ቆሞ እንደሆነ ዞር ብዬ አየሁ። ከዚያ ለሐኪሙ «እንነጋገርበታለን» አልኩት፤ የቀበሌ ሊቀመንበር እንደሚለው።

የነገሩኝ በሰይድ መኪና ውስጥ ነው። በላይነሽ ከፊት፣ እኔና ለተብርሃን ከኋላ። በላይነሽ ዞር ሳትል መስኮቱን እያየች ተናገረች። ከጦርነቱ በፊት፣ ከዓይናለም ጉድጓድ የሚመጣው ውሃ በፈረቃ በነበረበት ጊዜ፣ እሷና ለተብርሃን በቧንቧው ተራ ተጣልተው ነበር። በላይነሽ የለተብርሃንን በርሜል በሌለችበት ገፍታ የራሷን ሞላች፤ በዚያ ላይ ተሰዳደቡ፤ ተኳረፉ። እሑድ ቀን ደውላ ይህን ነገረችኝ። እኔም አርባ አንድ ስግደት በየቀኑ ሰጠኋት። «በቃሽ እስክልሽ ድረስ» አልኳት።

በዚያው ሳምንት ጦርነቱ መጣ፤ ስልኩ ተቋረጠ።

«እኛማ በሦስተኛው ቀን ታርቀናል» አለች ለተብርሃን። «አንድ በርሜል ውሃ ነበረን፣ ለሁለት ጠጣነው። እሷ ግን ትሰግዳለች። ተዪው ስላት ‹አባቴ በቃሽ አላለኝም› ትለኛለች።»

ስልኩ ሲመለስ ደውዬላት ነበር። ከደወልኩላቸው የመጀመሪያዎቹ አንዷ ናት፤ ይህን በኩራት ስናገር ኖሬያለሁ። በሕይወት መኖሯን አመስግኜ፣ አልቅሼ፣ ከዚያ ለጥምቀት የምለብሰው ካባ እንድትሰፋልኝ ጠየቅኋት። ስለ ስግደቱ አንድ ቃል አልወጣኝም። በሌላ ጊዜም «አባቴ፣ ጉልበቴን ያመኛል» ስትለኝ ቅቤ እንድትቀባ መክሬያታለሁ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ቀኖና ይለመናል እንዴ?» አለች። «ደግሞ ያስታውሱ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።»

«በይ በቃሽ። ከአሁን ጀምሮ በቃሽ።»

«በስልክ አሰሩኝ። በመኪና ውስጥ ደግሞ አይፈቱኝም። ነገ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን፤ እኔም የምጠይቅዎ አለኝ፤ እሱን መልሰውልኝ በሥርዓቱ ይፈቱኛል። እስከዚያ የጀመርኩትን እጨርሳለሁ።»

ሰይድ በመስታወቱ አየኝ። «አባቴ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የኔ የጸጉር ሻንጣ ይሻልዎ ነበር።»

ዓርብ

ጠዋት አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ቆጠርኩ። ከአሥራ ስምንተኛው በኋላ በመሃል ማረፍ ትጀምራለች። ከሠላሳኛው በኋላ እየተነፈሰች ነው የምትነሳው። መጋረጃውን ገልጬ ተይ ልላት ተነሣሁ፤ ግን በዚያ ፒጃማ ምን ሥልጣን አለኝ? ተመልሼ ተቀመጥኩ። አፈርኩ። ያን ያህል ያፈርኩበት ቀን አላስታውስም።

ያች እሑድም ትዝ አለችኝ። ሠርግ ቤት ነበርኩ። ስልኩ ሲጠራ አፌ በጥሬ ሥጋ ሞልቷል፤ ፊት ለፊቴ ያለው ሰው ሻኛውን እያነሳ ነው። ቶሎ ካልጨረስኩ ሻኛው ሊያልቅብኝ ነው። «አርባ አንድ፣ በየቀኑ፣ በቃሽ እስክልሽ» ብዬ ዘጋሁ። በልቤ አንድ ሳምንት ነበር ያሰብኩት።

ማለዳውኑ ወደ ቀሺ ሐጎስ ሄድኩ። በላይነሽ የምትስመው ደብር ቄስ ናቸው፤ ሽማግሌ ናቸው፤ ጉሮሯቸው ታሞ ድምፃቸው እንደ ደረቅ በር ሲጢጥ ይላል። እንዴት እንደሚቀበሉኝ ሰግቼ ነበር፤ በጦርነቱ ምክንያት የበላዮቻችን ጳጳሳት ከተኳረፉ ቆይተዋልና። እሳቸው ግን አቅፈው ሳሙኝ። «የላዮቹን ጉዳይ ለላዮቹ፤ አንተ ለዘጠኝ ሰዓት የምትበላው አለህ?» አሉኝ። ሕምባሻ ቆርሰው ሰጡኝ።

የመጣሁበት ምክንያት ፍርሃት ነው። በላይነሽ ምን እንደምትጠይቀኝ አውቄዋለሁ፤ መልሱን ሸሽቻለሁ። «አባ፣ እርስዎ ቅርቧ ነዎት። ዛሬ አብረን እንፍታት፤ ወይም እርስዎ ይፍቷት» አልኳቸው።

«እኔ አላሰርኳትም፤ እንዴት ነው የምፈታት? ሓቂ ንገራትና ፍታት።»

«እርስዎስ ሰው ረስተው አያውቁም?»

«ድምፅ የለኝም፤ ታየዋለህ። ቅዳሴ ስገባ ሕዝቡ ያዝንልኛል» አሉና ፈገግ አሉ። «ስለዚህ ሌላ ሥራ ያዝኩ። ጠዋት ጠዋት ልጆቼን በስማቸው እጠራለሁ። ቀኖና ላይ ያለ ሰው ስም መጀመሪያ ነው የሚጠራው፤ እሱ ሳይፈታ ቁርስ አይጣፍጠኝም። ሌላ ዕውቀት የለኝም።»

እኔ በሦስት ነገር የምመካ ሰው የሕምባሻውን ቁራሽ ይዤ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላም አልበላሁትም።

ከሰዓት በኋላ እኔና በላይነሽ በደብሩ ግቢ አንድ የወይራ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ካባውን አልለበስኩትም። መስቀሌን ያዝኩ፤ እሷ ልትንበረከክ ስትል ከለከልኳት፤ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«አባቴ፣ ከመፍታትዎ በፊት የምናዘዘው አለኝ።»

«ተናገሪ።»

«ስሰግድ እረግምዎ ነበር።»

መስቀሌን ወደ ሌላው እጄ አዛወርኩት።

«መጀመሪያ አይደለም። ስልክ በሌለበት ጊዜ ‹አባቴን በሕይወት አቆይልኝ› እያልኩ ነበር የምሰግደው። ደውለው ካባ ካዘዙኝ በኋላ ነው የጀመርኩት። በየስግደቱ ‹የኔን ጉልበት እንዳደረገ የሱንም ያድርገው› እላለሁ። ካባውንም ይህንኑ እያልኩ ነው የሰፋሁት።»

ቄስ ነኝ፤ ሰው ሲናዘዝ ፊቴን መያዝ አውቃለሁ። እግሬን ግን ቀስ ብዬ ዘርግቼ ጉልበቴን ሞከርኩት። ደህና ነበር።

«አሁን እኔ ልጠይቅዎ» አለች። «አውቀው ነው የተዉኝ ወይስ ረስተውኝ?»

መልስ አዘጋጅቼ ነበር። በመንፈስ እንድትጠነክሪ ብዬ አውቄ አቆየሁሽ ልላት ነበር። እንዲህ ብላት ክብሬ ይተርፋል፤ የእሷም ስግደት ከንቱ አይሆንባትም ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እጇን አየሁ፤ ሁለቱን ጉልበቶቿን ይዛ ተቀምጣለች።

«ረስቼሽ ነው» አልኳት። «ሠርግ ቤት ነበርኩ። አፌ ውስጥ ሥጋ ነበር። ሻኛው እንዳያልቅብኝ ነው ቶሎ የዘጋሁት። ከዚያ በኋላ አንድ ቀንም ትዝ ብሎኝ አያውቅም።»

ከመሬት ቅጠል አነሳች፣ ጣለች። ሌላ አነሳች።

«ሥጋው እንዴት ነበር?» አለችኝ።

«ጥሩ ነበር።»

ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ትስቃለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ በእርግጥም አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

«አውቄ ነው ቢሉኝ ይቅር የምልበት አቅም አልነበረኝም» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «መርሳትንማ እኔም እረሳለሁ። የተራገምኩበት ስግደት ግን ይቆጠርልኛል?»

«ይቆጠርልሻል።» የት መጽሐፍ ላይ እንዳለ አላውቅም። አልኩት እንጂ።

«እንግዲህ ይፍቱኝ።»

ፈታኋት። መስቀሉን ግንባሯ ላይ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ፣ አንድም ቃል ሳልዘል ፈታኋት። ልነሣ ስል እጀ ጠባቤን ያዘችኝ።

«ደግሞ ያሰናብቱኝ። ቀሺ ሐጎስን የነፍስ አባቴ ማድረግ እፈልጋለሁ።»

ጎዳኝ፤ መካድ አልፈልግም። ከመምሬ የወረስኳት ናት፤ በጣም የምወዳት ናት፤ ለካ እየወደድኳትም ስረሳት ኖሬያለሁ። «እግዚአብሔር ይፍቀድልሽ» ብዬ አሰናበትኳት።

ቅዳሜ

ቅዳሜ ባይሰገድም በላይነሽ ጎህ ሳይቀድ ነበር የምትነሣው፤ ዛሬ ግን ፀሐይ ቤቱ መሃል እስክትገባ ድረስ ከመጋረጃው ወዲያ ድምፅ አልነበረም። ለተብርሃን ሦስት ጊዜ በሩን ከፍታ አየች። «ትተነፍሳለች» ትለኝና ትመለሳለች። በላይነሽ ስትነሣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ብዙ ቆየች፤ «የሰኞው ጠዋት እንዴት ይረዝምብኝ ይሆን» አለች።

ቀሺ ሐጎስ ለምሳ መጡ። ሰይድም መጣ፤ ለብቻው ሽሮ ተሠራለት፤ ሚስቱ ለበላይነሽ የላከችውን የጉልበት መጠቅለያም ይዞ ነበር። ከምሳ በኋላ ቀሺ ሐጎስን ወደ ግቢው ጥግ ወስጄ ተናዘዝኩላቸው። ብዙ ስግደት እንዲሰጡኝ ፈልጌ ነበር፤ ጉልበቴ ደህና ነበርና።

«ስግደት አልሰጥህም» አሉኝ። «አገርህ ስትገባ ልጆችህን ሁሉ ቤት ለቤት ዙር። ‹ሰጥቼህ ሳልፈታ የረሳሁት ቀኖና አለ?› ብለህ ጠይቅ። ጠይቀህ ስትጨርስ ደውልልኝ፤ እኔ እፈታሃለሁ።» ስልኬን ተቀብለው ቁጥራቸውን ራሳቸው ጻፉልኝ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ሰይድ አየር ማረፊያ አደረሰኝ። በላይነሽና ለተብርሃንም አብረው መጡ። ለተብርሃን ሻንጣዬ እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረችልኝ። ስብከቱን ሳልሰብከው ተመለስኩ፤ ማንም አልጠየቀኝም። አዲስ አበባ ስወርድ ጋቢዬን ለበስኩ፤ ደብረ ብርሃን ስገባ አፍንጫዬ ቀላ፤ አገሬ መድረሴን ያወቅሁት በዚያ ነው።

ደብረ ብርሃን

ሰኞ ጠዋት መዞር ጀመርኩ። የመጀመሪያዋ ቤት ሳቀችብኝ፤ «አባ፣ እርስዎ ቀኖና ሰጥተውኝ ያውቃሉ እንዴ? ሁልጊዜ ‹እግዚአብሔር ይፍታሽ› ብለው ወደ ጠላው ነው» አለችኝ። ሁለተኛው ቤት «የለም» ብለው እንጀራ አቀረቡልኝ፤ እምቢ ስል ደነገጡ። ተጽናናሁ። ነገሩ ያች አንዲት እሑድ ብቻ ናት ብዬ ማመን ጀመርኩ።

ሦስተኛው ጋሽ ተክሌ ነው፤ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር፤ ከደብራችን አጥር ሥር ብቻውን ይኖራል። ፀሐይ እየሞቀ አገኘሁት። ተነሥቶ መስቀል ተሳለመ፤ መከዳውን ለእኔ ለቆ እሱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ጋሽ ተክሌ» አልኩት፣ «ሰጥቼህ ሳልፈታ የረሳሁት ቀኖና አለ?»

ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረው።

«የትኛውን?» አለኝ።